በወላጅ ፊርማ ቦታ ላይ

ልጅ ወልጄ አላውቅም። አራት ዓመት ሙሉ ግን የአንዲት ልጅ እናት ነበርኩ፤ ቢያንስ በትምህርት ቤቱ ወረቀት። ወላጅ ሲጠራ የምሄደው እኔ፣ ካርድ ሲሰጥ የምቀበለው እኔ፣ «የወላጅ ፊርማ» በሚለው ቦታ ላይ ያለው ጭረትም የእኔ ነው። ልጅቷ በእነዚያ አራት ዓመታት ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ይህን የምጽፈው በዚያ ዝምታ ውስጥ የእኔ እጅ ምን ያህል እንደነበረበት ስለማውቅ ነው።

ያኔ የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ ነበር። በአንድ ግቢ ሰባት ቤተሰብ፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ ሲከፈት ሰፈሩን የሚቀሰቅስ አንድ የቆርቆሮ በር። ግቢው ያልተጻፈ ሕግ ነበረው፤ ሥራ የሌለው ይሄዳል። የማንም ልጅ ክትባት ይኑረው፣ የማንም ልጅ ወላጅ አምጣ ይባል፣ በዚያ ሰዓት እጁ ባዶ የሆነ ሰው ተነስቶ ይሄዳል። ወላጁ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እኔ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፤ የምገባው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እጄ ባዶ ነው። በዚያ ላይ መነጽር አደርጋለሁ። መነጽር ያደረገች ሴት መምህራን ፊት ትከበራለች ብሎ ግቢው ስላመነ፣ ተራው ሁሌ እኔ ላይ ይወድቅ ነበር። አንድ የካርድ ቀን የአምስት ልጆች ካርድ ታቅፌ ስወጣ ዘበኛው «አምስቱም ያንቺ ናቸው?» አለኝ። ስስቅ «ያሳድግልሽ» አለኝ። አሜን ብዬ ወጣሁ።

የልጅቷ እናት ከእኔ ጋር ግድግዳ ትጋራለች። በዕድሜ ታናሼ ናት። ከጉራጌ አገር የመጣች ሙስሊም ስትሆን ባሏ የሞተባት ልጅቷ ገና ቆማ ሳትሄድ ነው። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የእግረኛ መንገዱ ላይ ሸራ አንጥፋ ካልሲና ሻርፕ ትሸጣለች። ይህ ሥራ ከቦታው አያላውስም። ደንብ አስከባሪ ብቅ ካለ ሸራውን በአራት ጫፉ ይዞ መሮጥ ነው፤ አጠገብ ያለው ነጋዴ ደግሞ የራሱን ይዞ ይሮጣል እንጂ የሰው ሸራ አያነሳም። ስለዚህ ልጅቷ ስድስት ዓመት ሞልቷት አንደኛ ክፍል ልትመዘገብ ስትል እንደተለመደው እኔ ሄድኩ።

ትምህርት ቤቱ ከድልድዩ ብዙም አይርቅም። ነሐሴ ነበር፣ ዝናቡ አያባራም፣ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ወጥቷል። ተራዬ ደርሶ መዝጋቢው ማን እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ «ጎረቤት ነኝ» አልኩ። «ወላጅ ይምጣ» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ። በማግስቱ ያው ሰልፍ፣ ያው ዝናብ፣ ያው መዝጋቢ። ጫማዬ ውስጥ ውኃ ገብቶ ሦስት ሰዓት ቆሜያለሁ።

«እናቷ ነዎት?» አለኝ አሁንም ሳያየኝ።

«አዎ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ለዚህች ቃል የተሻለ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም። ጫማዬ ርሶ ነበር፣ በቃ። የእናትየውን መታወቂያ ኮፒ ሰጠሁት። ኮፒው ጠቁሮ ፎቶው ሰው ይሁን ድንጋይ አይለይም። እሱም ሳያጣራ ከፋይሉ ጋር አያያዘው።

ማታ ለእናትየው ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ወላሂ አንቺ ወለድሽልኝ!» አለች። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ሐሳብ ገባኝ። ሐሰት ተናግራችኋል ብለው ልጅቷን ቢያባርሯትስ? ትምህርት በተጀመረ ቀን እጇን ይዤ ወሰድኳትና በሩ ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ እንዲህ አልኳት፦

«ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ቤት አይወራም። እናትሽ ማን ናት ቢሉሽ ዝም። ምን ቢጠይቁሽ ዝም። እሺ?»

«እሺ እትዬ» አለች። የስድስት ዓመት ልጅ እሺ ስትል እስከ ምን ድረስ እንደሆነ አላውቅም ነበር። እኔ ራሴ ያልኩትን እኩለ ቀን ሳይሞላ ረሳሁት።

መምህሯ ገና ከኮሌጅ የወጣች ወጣት ነበረች፤ ልጆቹን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ይዛቸው የወጣች እሷ ናት። ከመጀመሪያው ቀን አልወደድኳትም። ለወላጅም ለተማሪም የምታወራው በአንድ ድምፅ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶዋን ከእጇ አትለይም። ወላጅ የምታስቀምጠው የልጆቹ ዴስክ ላይ ነበር። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም ሳይቀረው እንደ ሰነፍ ተማሪ ቀና ብዬ አያታለሁ። እሷ ዘንድ ስሄድ ሻርፕ እከናነብና ማተቤን ወደ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ፋይሉ ላይ ያለው የእናትየው ስም የሙስሊም ስም ነውና። ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም።

«ጎበዝ ልጅ ናት» አለችኝ በመጀመሪያው የካርድ ቀን። «ጽሕፈቷ ያምራል፣ ሒሳቧ ጥሩ ነው። ግን አትናገርም።»

«ዓይናፋር ናት» አልኩ።

«ዓይናፋርስ አውቃለሁ። እሷ ስሟን ስጠራ እንኳ አቤት አትልም፤ እጇን ነው የምታወጣው። ቤት እንዴት ናት?»

ስለ ቤት እንዲወራ አልፈለግሁም። «ቤት ደህና ናት» አልኩና ፈርሜ ተነሳሁ።

ቤትማ ራዲዮ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቆርቆሮው በር ሳይዘጋ ወሬዋ ይጀምራል። የታክሲ ረዳቶችን ስትኮርጅ «አራት ኪሎ! ሥላሴ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለች ግቢውን ትዞራለች። እናቷን ደንበኛ ሲከራከራት እንዴት እንደምትመልስ ሳይቀር አስመስላ ታሳየናለች። እዚያ ዝም ትላለች የተባለችው ልጅና ይቺ አንድ ናቸው ብሎ ለማመን ይከብድ ነበር። እኔም ብዙ አልደከምኩበትም፤ መምህሯ ታካብዳለች ብዬ ተውኩት።

ማታ እናትየው ሸራዋን ተሸክማ፣ እግሯ አብጦ ትገባለች። ጫማዋን ሳታወልቅ የምትጠይቀኝ ነገር አንድ ነው፦ «ምን አሉሽ?»

«ጨዋ ናት አሉ» እላታለሁ። «አትረብሽም አሉ።»

«አልሐምዱሊላህ» ትላለች።

ውሸት አልነበረም። የማይናገር ልጅ አይረብሽም። ለራሴም ደክሟት የመጣችን ሴት ምን ብዬ ላስጨንቃት እል ነበር። ግን ያ ብቻ አልነበረም። የተባልኩትን እንደተባልኩት ባደርስላት «እስቲ አንድ ቀን እኔው ሄጄ ላነጋግራቸው» ትል ነበር። ሄዳ ብታነጋግራቸው ደግሞ የእኔ እናትነት ያበቃል። ዘበኛው «እናት፣ ግቢ» ሲለኝ፣ መምህሯ «ልጅዎ» ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ የምዋሽበት ምክንያት የለኝም፤ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለተኛ ክፍል ስትገባ የመገናኛ ደብተር መጣ። መምህሯ ቀን ቀን መልእክት ትጽፍበታለች፤ ወላጅ አይቶ ፈርሞ ይመልሳል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በኬክ ቤቱ በኩል ታልፍና ደብተሩን ባንኮኒው ላይ ታኖርልኛለች። «በቃል ስትጠየቅ አትመልስም፤ እባክዎ ቤት ያለማምዷት» ይላል። እኔ ደንበኛ በአንድ እጄ እያስተናገድኩ «እንከታተላለን፣ እናመሰግናለን» ብዬ ከሥሩ እጽፋለሁ። ሁሉም ወላጅ የሚጽፈው ይህንኑ ነው፤ ማንም ምንም አይከታተልም። ደብተሩን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ልጅቷ የጻፍኩትን ታነባለች፤ ግን ጠይቃኝ አታውቅም።

ሦስተኛ ክፍል ላይ «ወላጅ ይቅረብ» የሚል በቀይ ተጽፎ ከሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበት መጣ። ሻርፔን ተከናንቤ ሄድኩ። መምህሯ በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቤት ውስጥ የሚመታት ሰው አለ?» አለችኝ።

«ማን ነው የሚመታት? ግቢያችን ውስጥ እሷን ቀና ብሎ የሚያይ የለም!» አልኳት። ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«መጠየቅ ሥራዬ ነው» አለች ሳትቆጣ። «አንድ ልጅ ሦስት ዓመት ዝም ካለ ያለ ነገር አይሆንም።»

ተነስቼ ወጣሁ። ያን ዕለት ኬክ ቤት ደንበኛ ሁሉ ተቆጥቼበት ዋልኩ። ዛሬ ሳስበው ከሁላችንም ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ነበረች። ምክንያቱ ቤት ነው ብላ ጠርጥራለች፤ ምክንያቱ ፊቷ ዴስክ ላይ ተቀምጦ እንደሚጮህባት ብቻ ነው ያላወቀችው።

አራተኛ ክፍል አጋማሽ ላይ እንደገና ጠራችኝ። አሁን ዴስኩ ላይ ሳይሆን የራሷን ወንበር ሰጠችኝ፤ ይሄኔ ነው የፈራሁት።

«በሚቀጥለው ዓመት አምስተኛ ናት» አለች። «ለእያንዳንዱ ትምህርት ሌላ መምህር ነው የሚገባላት። እኔ ጽሑፏን እያየሁ አሳልፌያታለሁ፤ እነሱ አያውቋትም። ስለዚህ ፋይሏ ላይ የመናገር ችግር እንዳለባት መጻፍ አለብኝ። ልዩ ድጋፍ ወደሚሰጥበት ክፍል ይመድቧታል።»

«ችግር የለባትም» አልኩ።

«እንግዲያው ለምን አትናገርም?»

ሻርፔን ወደ ግንባሬ ሳብ አደረግሁ።

«እስከ ሰኔ ሐኪም ያሳዩዋትና ወረቀቱን ያምጡልኝ» አለችኝ። «ካላመጡ እጽፋለሁ። እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም።»

ያ ክፍል ለሚያስፈልገው ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ ግቢያችን ውስጥ አንድ ልጅ ገብቶበት ሰው ሆኗል። እሷ ግን ማታ ማታ ጣሪያ እስኪነቃነቅ የምታወራ ልጅ ናት። ለእናትየው መንገር ነበረብኝ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በነገታው እግሯ አብጧል፤ ከነገ ወዲያ ሸራዋን ተቀምታ እያለቀሰች መጣች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦትም ገባ።

በዚህ መሀል ሰፈራችን ለልማት ይፈርሳል ተባለ። ይፈርሳል ሲባል ዓመታት የኖርን ስለሆንን ማንም አልደነገጠም፤ ሲፈርስ ግን በሳምንት ውስጥ አለቀ። ሰባቱ ቤተሰብ በየዕጣው ተበተነ። የልጅቷ እናት ከከተማው በአንደኛው ጫፍ አራተኛ ፎቅ ደረሳት፣ እኔ በሌላኛው ጫፍ። ዕቃዋን ጭና ስትሄድ ልጅቷ ከመኪናው ጋቢና አንገቷን አውጥታ ስለ አዲሱ ቤት ደረጃ ትነግረኝ ነበር፤ ገና ሳታየው ስንት ደረጃ እንዳለው ታውቃለች። እኔ መምህሯ ያለችኝን አሁንም ለእናትየው አልነገርኳትም። በመካከላችን የነበረው ግድግዳ ሲፈርስ ቀለሙ ከእሷ በኩል ሰማያዊ፣ ከእኔ በኩል ቢጫ እንደነበረ ልብ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

ልጅቷ በታክሲ እየተመላለሰች ዓመቱን ጨረሰች፤ ሰኔ ላይ ትምህርት ተዘጋ። ልጅቷ በአዲሱ ሰፈር ትምህርት ቤት እንድትመዘገብ ከድሮው ትምህርት ቤት መልቀቂያ ያስፈልጋታል፤ የአዲሱ ምዝገባ ደግሞ ዓርብ ይዘጋል። እናትየው ሐሙስ ዕለት ልጇን ይዛ ራሷ ሄደች። ለእኔ አልደወለችም። ለምን ትደውላለች? የገዛ ልጇን ወረቀት ልትወስድ ነው። የድሮ መታወቂያዋን ለወረዳው መልሳለች፣ አዲሱ አልደረሰላትም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ባንኮኒ ላይ እያለሁ ስልኬ ጠራ።

«እትዬ» አለች እናትየው። «እናቷ አይደለሽም አሉኝ።»

«እነማን?»

«ቲቸሯ። እናቷን አራት ዓመት አውቃታለሁ፣ መነጽር ነው የምታደርገው አለችኝ። የማላውቀው ሰው መጥቶ የልጅ ወረቀት ስጡኝ ቢል አልሰጥም አለች። ልጄን እጇን ይዛ ከኋላዋ አቆመቻት። ከእኔ ደብቃት ነው የቆመችው፣ እትዬ። ነይና ንገሪልኝ።»

ባንኮኒውን ለባልደረባዬ ትቼ ወጣሁ። ወደ ድልድዩ የሚወርደው መንገድ ሰፍቷል፣ የእግረኛው ንጣፍ አዲስ ነው፤ በግራ በኩል ሰፈራችን የነበረበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። እግሬ ይሮጣል፣ እጄ በልማድ ቦርሳዬ ውስጥ ሻርፕ ይፈልጋል። አገኘሁት። ይዤው ትንሽ ሄድኩና መልሼ ከተትኩት። ማተቤንም ከልብሴ ላይ አወጣሁት።

ክፍሉ ውስጥ የነበረው እንዲህ ነው። እናትየው በሩ አጠገብ ቆማለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። መምህሯ ጠረጴዛው ፊት፣ ልጅቷ ከመምህሯ ቀሚስ ኋላ። ጠረጴዛው ላይ መልቀቂያው ተሞልቶ ተቀምጧል፤ አስተያየት በሚለው ቦታ «የመናገር ችግር ስላለባት ልዩ ድጋፍ ያስፈልጋታል» ተብሎ በዚያ በሚያምር እጅ ተጽፏል። ማኅተም ብቻ ነው የቀረው።

«እንኳን መጡ!» አለች መምህሯ ስታየኝ፣ ፊቷ ቀለል ብሎት። «እኚህ ሴትዮ…» ብላ ጀመረችና ዓይኗ ማተቤ ላይ ሲያርፍ አቋረጠች።

«እናቷ እኔ አይደለሁም» አልኳት። «የወለደቻት እሷ ናት። እኔ ስፈርም ነው የኖርኩት።»

አራት ዓመት ያልወጣኝ ነገር አንድ ትንፋሽ አልፈጀም። ካልኩት በኋላ ዴስኩ ላይ ሳልጋበዝ ተቀመጥኩ። እናቷ እኔ አይደለሁም ማለት እውነትን መናገር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እንደዚያ ያማል ብዬ አልጠበቅሁም።

መምህሯ እኔን አየች፣ እናትየውን አየች። «አሁን ማንን ልመን?» አለች። «እናቷ ነኝ ያሉኝም እርስዎ ነዎት፤ አይደለሁም የሚሉኝም እርስዎ ነዎት።» ልክ ናት። ከዚያ ዞራ ልጅቷ ፊት ተንበረከከች። እንደማትመልስላት ታውቃለች፤ በጣቷ ብታሳያት ይበቃታል መሰለኝ። «ማሬ፣ እናትሽ የትኛዋ ናት?» አለቻት።

ልጅቷ እናቷን አላየችም። እኔን አየችኝ። አየችኝና ጠበቀች። የምትጠብቀው ምን እንደሆነ ሲገባኝ የዛን የመጀመሪያ ቀን በር፣ ከንፈሬ ላይ ያለውን ጣቴን፣ «ምን ቢጠይቁሽ ዝም» ያልኩትን ሁሉ አስታወስኩ። አራት ዓመት ፈቃድ እየጠበቀች ነበር።

«ተናገሪ» አልኳት። «ከእንግዲህ ተናገሪ።»

«እማዬ እሷ ናት» አለች። ጥርት ባለ፣ እኛ ግቢ በምናውቀው ድምፅዋ። «ካልሲ ነው የምትሸጠው። ሁሌ ድልድዩ ጋ ሆና ክፍላችን በየት በኩል ነው ትለኛለች፤ እኔ በጣቴ አሳያታለሁ።»

መምህሯ አፏን በእጇ ያዘች። «ትናገሪያለሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እትዬ ዝም በይ ስላለችኝ።»

እናትየው ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «አትናገርም ነበር?» አለችኝ። «ጨዋ ናት አሉ አላልሽኝም?»

መምህሯ ከካቢኔ ፋይሉን አወጣችና እናትየውን የራሷ ወንበር ላይ አስቀምጣ የአራቱን ዓመት አስተያየት ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበችላት። እኔ ዴስኩ ላይ ተኮራምቼ ሰማሁ። እናትየው የሌላ ሰው ልጅ ታሪክ እንደሚነበብላት ነው የምትሰማው፤ አንዳንዴ «መቼ ነው ይሄ?» ትላለች። ከእያንዳንዱ ሥር «እንከታተላለን፣ እናመሰግናለን» የሚል አለ፣ እሱንም መምህሯ አልዘለለችውም።

ከዚያ የተሞላውን መልቀቂያ ቀድዳ አዲስ ሞላች። ማረጋገጫው ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሆኖ የልጅቷም የእኔም ምስክርነት ተጨመረና አለቀ። አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ የጻፈችውን አነበብኩት። «ጽሕፈቷ ጥሩ ነው። ትናገራለች።» ይላል።

ስንወጣ መምህሯ እኔን በሩ ላይ አስቀረችኝ። «ምን ያደርጉናል ብለው ነው?» አለችኝ።

«ታባርሯታላችሁ ብዬ ነዋ።»

«በዚህ ልጅ አይባረርም» አለች። «በጎረቤት፣ በአክስት የሚመጡ ስንት ልጆች አሉኝ። አንድ ቀን ብቻ ቢነግሩኝ ይበቃ ነበር።» አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ታክሲ ተራው አብረን ሄድን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሸራዋን ታነጥፍበት የነበረውን ቦታ ቆም ብላ አየችው፤ አሁን አበባ ተተክሎበታል። «ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ» አለች ሳታየኝ። «ግን አራት ዓመት የሌላ ልጅ ወሬ ነው ስትነግሪኝ የኖርሽው፣ እትዬ። የራሴን አላወቅኋትም።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት። «አውፍ» ብላ፣ በእነሱ ይቅርታ ማለት ነው፣ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ከልቧ ይቅር እንዳለችኝ እንጃ። አልጠየቅኋትም።

ልጅቷ ግን እየዘለለች ከፊታችን ትሄዳለች። ለረዳቱ «ሁለት ሰው የቀረው!» ብላ በራሱ ድምፅ መልሳ ጮኸችበት፤ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እናትና ልጅ ገብተው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል ልጅቷ መስኮቱን ገፋ አድርጋ አንገቷን አወጣች። አንቺ ነው የምትለኝ፤ ያስለመድኳት እኔ ነኝ።

«እትዬ» አለችኝ፣ «እዚያ ትምህርት ቤት ስለ ቤት ላውራ?»

«አውሪ» አልኳት። «የጠየቁሽን ሁሉ መልሺ።»

«አንቺን ማን ናት ቢሉኝስ?»

እናቷ አብራ አየችኝ። ረዳቱ በሩን እየዘጋ ነበር።

«ጎረቤት ነበረች በይ» አልኳት።